ሶፍ ዑመርን ለማየት ዝግጅቱ ከገላን ይጀምራል

ገና ሲያልፍ እዚህ ገላን ያሉ ጎረቤቶቼ ባሌ ስላለውና ወንዝ ስለሚያልፍበት ዋሻ «ሶፍ ዑመር መቼ እንሂድ?» ማለት ይጀምራሉ። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ መጀመሪያ ባትሪያችሁን ፈትሹ።

ማታ ዕቃ ቤት ግቡና በሩን ዝጉ። መብራቱን አብርታችሁ ሁለት ሰዓት ተዉት። በመጀመሪያ ጉዞዬ የእኔው ወንዙ መሃል ደከመብኝ። ውሃው ጉልበቴ ደርሷል፣ የምረግጠው ድንጋይ አይታየኝም። አስጎብኚው ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ከዚያ ወዲህ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራትና አንድ ትርፍ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። የስልክ መብራትን አትመኑ፤ አንድ እጃችሁን ይይዝባችኋል።

ጫማው ከኋላ የሚታሰር ይሁን። ነጠላ ጫማ ጭቃ ይነጥቀዋል።

በአሰላና በዶዶላ አድርጋችሁ ሮቤ እደሩ፤ በማግስቱ በጎሮ በኩል ትወርዳላችሁ። ቦታው ሼክ ሶፍ ዑመር የጸለዩበት ነው ተብሎ በሙስሊሞች ዘንድ ይከበራል። ረዘም ያለ ልብስ ልበሱ፣ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ።

ጥሩው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ዋሻውን የቦረቦረው የወይብ ወንዝ ዛሬም በውስጡ ያልፋል። የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ስለሆነ፣ እዚያ ከዘነበ ዋሻው ጋ ፀሐይ ሆኖ እንኳ ሊሞላ ይችላል። አስጎብኚው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አትከራከሩ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ መመለስ ያንገበግባል፣ ግን ውሃው ለማንም አይራራም።

ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሁሉን ለማየት አትጣደፉ። እኔ ጊዜዬን የምሰጠው ምሰሶዎቹ ላሉበት አዳራሽ ነው። እዚያ ስትደርሱ እጃችሁን አንዱ ምሰሶ ላይ አሳርፉ። የእኛ ሰፈር ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፣ እጅ ይፍቃል። ይኼኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ አገሩ በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን ከባሕር ግርጌ የተጠራቀመ። ወንዙ ስላጠበው ይለሰልሳል፣ ይቀዘቅዛልም።

ከዚያ ሁላችሁም መብራታችሁን አጥፉ፤ ከቦታችሁ ግን አትንቀሳቀሱ። መጀመሪያ የወንዙ ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ ከጣሪያው የሌሊት ወፎቹ ይሰማሉ።

ደረቅ ልብስና ካልሲ መኪናው ውስጥ ተዉ። ስትወጡ ትፈልጉታላችሁ።