ስኳር በልጥ ሲወርድ ለማየት አንድ የዘይቱን ዛፍ ይበቃል

ዛፍ ከሥሩ ውኃ እንደሚስብ ማንም ያውቃል። ቅጠሉ የሠራው ስኳር በምን በኩል ወደ ሥር እንደሚወርድ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጎንደር ውስጥ በግቢው ዘይቱን ያለው ሰው ስለታም ቢላዋ ብቻ ይዞ መልሱን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

ጊዜው መስከረም ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ ቀለል ብሎ ፀሐይ ትወጣለች፣ መሬቱም ገና እርጥብ ነው። መጀመሪያ የእርሳስ ያህል ውፍረት ያላቸው፣ ቅጠላቸው ያማረ ሁለት ቅርንጫፎች ምረጡ። ግንዱን አትንኩ። በእያንዳንዳቸው ላይ ቢላዋውን ዙሪያውን አዙሩ፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ድገሙትና በመካከሉ ያለውን ልጥ ላጡት። ስለቱ ጠንካራው እንጨት ጋ ሲደርስ ይበቃል።

ከሥር የሚወጣው እንጨት ነጭና እርጥብ ነው፤ በጣት ሲነካ ያሟልጫል። ያንን የሚያሟልጭ ነገር በቢላዋው ጀርባ ፍቃችሁ አጽዱት። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ይህን ንቄ በመተዌ ልጡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ገጥሞ አገኘሁት።

ቀጥሎ ከአንደኛው ቅርንጫፍ ላይ ከተላጠው በላይ ያለውን ቅጠል በሙሉ አርግፉ፤ አዲስ ሲያቆጠቁጥም ንቀሉት። ሌላውን እንዳለ ተዉትና አንድ ሁለት ወር ጠብቁ።

ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ከተላጠው ቦታ በላይ እንደ ከንፈር ያብጣል፤ ከበታቹ ግን አያብጥም። ቅጠሉም አልጠወለገም፤ ውኃውና ማዕድኑ እንጨቱ ውስጥ ባሉት የዛይለም ቱቦዎች መውጣታቸውን አላቋረጡምና። የተቆረጠው ልጡ ውስጥ ያለው ፍሎየም፣ የስኳሩ መንገድ ነው። ቅጠሉ የረገፈው ቅርንጫፍ እንዲህ አያብጥም፤ ከላይ የሚወርድለት ስኳር ከየት ይመጣል? ጣሊያናዊው ማርሴሎ ማልፒጊ ይህን እብጠት ያስተዋለው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ጊዜ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንልበት፣ ማገር የምናስርበት ልጥ የዛፉ የስንቅ መንገድ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስኳሩን የሚገፋው ምንድን ነው? ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ባሳተመው ማብራሪያ መሠረት፣ ቅጠሉ ስኳር ወደ ፍሎየም ሲያስገባ ውኃ ከዛይለሙ ተከትሎት ይገባል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ሥሩ ወይም ፍሬው ስኳሩን ሲወስድ ደግሞ በዚያ በኩል ግፊቱ ይቀንሳል። ፈሳሹ ግፊት ከበዛበት ወዳነሰበት ይፈስሳል። ስለዚህ ጉዞው ሁልጊዜ ቁልቁል አይደለም፤ ቤት የተቀመጠ ድንች ሲያቆጠቁጥ ስኳሩ ከድንቹ ወደ ቡቃያው ሽቅብ ይወጣል። ጎመን ላይ የሚሰፍረው ክሽክሽም ቀጭን አፉን የሚሰካው ፍሎየም ላይ ነው፤ ቅጠሉን የሚያጣብቀው ከሰውነቱ የሚያስወጣው ትርፍ ስኳር ነው።

ግንዱን አትንኩ ያልኩት ለዚህ ነው። ዙሪያውን የተላጠ ግንድ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል፤ ሥሩ ግን ከላይ ስንቅ ስለማይደርሰው ተርቦ ይሞታል፣ ዛፉም ይከተለዋል። ለልጥ ሲሉ የቆመ ዛፍ ዙሪያውን የሚልጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ያበጠውን ቅርንጫፍ ግን አትጣሉት። እብጠቱን በእርጥብ አፈር ሸፍናችሁ በፌስታል ጠቅልሉና ላይና ታቹን እሰሩ፤ አፈሩ እንዳይደርቅ ተከታተሉት። እዚያ የተጠራቀመው ስኳር ሥር ለማውጣት ይረዳዋል። ነጫጭ ሥሮች በፌስታሉ ውስጥ ሲታዩ ከበታቹ ቆርጣችሁ ትከሉት።