የእንግሊዝን ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ጉዞ እንዴት አይቶ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

እንግሊዝ ለምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ለምትሄዱ፣ ከገበያ አዳራሽ የተሻለ የቅዳሜ መዋያ አለ። በየገጠሩ የመቶዎች ዓመታት ዕድሜ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። አብዛኞቹ መግቢያ አያስከፍሉም። ብዙዎቹ ቀን ቀን ያለ ጠባቂ ክፍት ናቸው።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። በቀን ሁለት ይበቃል። ለጀማሪ በምሥራቅ እንግሊዝ ሳፎክ በሚባለው አውራጃ ያሉትን የላቨናምንና የሎንግ ሜልፎርድን አብያተ ክርስቲያናት እመክራለሁ፤ ተቀራራቢ ናቸው። ሁለቱንም ያስገነባቸው በዋናነት የ15ኛው መቶ ዘመን የሱፍ ጨርቅ ንግድ ሀብት ነው። ከሎንደን ሊቨርፑል ስትሪት በባቡር ተነስታችሁ፣ ማርክስ ቴይ ላይ ቀይራችሁ ሰድበሪ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በአውቶቡስ ነው። እሁድን ተዉት። ጠዋት የአምልኮ ፕሮግራም አለ፤ የገጠር አውቶቡስም እንደ ልብ አይገኝም።

ከዚያ ብርሃኑን አስቡ። ፎቶ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናትም እንደኛዎቹ ወደ ምሥራቅ የዞሩ ናቸው። መንበሩ በምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ትልቁ ባለቀለም መስኮትም ብዙ ጊዜ ከኋላው ነው። ይህን ካወቃችሁ የቀኑ ፕሮግራም ራሱ ይወጣል። የምሥራቁን መስኮት ጠዋት፣ በምዕራብ ያለውን የደወል ማማ ከሰዓት በኋላ አንሱ። የውጭውን ግድግዳ ከደቡብ በኩል አንሱት፤ ሰሜኑ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው ማለት ይቻላል።

ለባለቀለም መስታወት ግን ደመና ያለበት ቀን ይሻላል። ብዙ መስኮቶች ከድንጋይና ከወፍ የሚከላከል የሽቦ መረብ በውጭ በኩል አላቸው። ፀሐይ በቀጥታ ስትመታው የመረቡ ጥላ መስታወቱ ላይ ያርፍና የቅዱሳኑ ፊት ሁሉ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል። ይህን በኋላ በኮምፒውተር ማጥፋት ከባድ ነው። የሎንግ ሜልፎርድ የጥንት መስታወት በሰሜን ጎን ስለሆነ ብርሃኑ ረጋ ያለ ነው። አትቸኩሉ፣ ከሰዓትም ይደርሳል።

ሌላው ችግር መስኮቱ ደማቅ፣ ውስጡ ጨለማ መሆኑ ነው። ሁለቱን በአንድ ፎቶ እኩል ላሳይ ካላችሁ አንዱ ይበላሻል። ለየብቻ አንሱ። በሞባይል ከሆነ መስታወቱን በጣት ንኩና ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ፤ ግድግዳው ይጥቆር፣ ቀለሙ ግን ይወጣል። ለውስጡ ደግሞ መስኮቱን ከፎቶው አውጡና አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጉ። ካሜራውን አግዳሚው ወንበር ላይ አስደግፉ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) መሸከም አስፈላጊ አይመስለኝም። ፍላሽ ጭራሽ አትጠቀሙ፤ ድንጋዩን ያገረጣዋል፣ የሚጸልይ ሰውም ይረብሻል። አምፖል በርቶ ከሆነና ብቻችሁን ከሆናችሁ አጥፉት፤ ቢጫው ብርሃን ከቀን ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ቀለም ያበላሻል። ስትወጡ እንደነበረ መልሱት።

በሩ ላይ ተስፋ አትቁረጡ። የብረት ቀለበቱን በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩና በትከሻ ገፋ አድርጉ። ብዙ ሰው ተዘግቷል ብሎ የሚመለሰው ከተከፈተ በር ላይ ነው። በእርግጥ ከተቆለፈ በረንዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡ፤ ቁልፉ ጎረቤት ቤት ሊሆን ይችላል። የሽቦ በር ካለ ከኋላችሁ ዝጉት። ወፍ ከገባች መውጫ አጥታ ትሞታለች።

ጫማ ማውለቅ የለም። ወንዶች ግን ባርኔጣ አውልቁ፤ ከመንበሩ ፊት ያለውን አጥር አትለፉ። ሳጥን ውስጥ የአቅማችሁን ጣል አድርጉ፤ ጣሪያው የሚጠገነው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ገንዘብ ነው።

የየቦታው ሕግ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1879 ያረፈው ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረበት የዊንዘሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ውስጡን ፎቶ ማንሳት አይፈቅድም። እሱንም ሂዱበት፣ ግን ለማየትና ለመጸለይ።

በየቦታው ስትደርሱ የመጀመሪያው ፎቶ የበሩ ሰሌዳ ይሁን። ቅድስት ማርያም የሚባል ቤተ ክርስቲያን በየመንደሩ አለ፤ ማታ ፎቶ ስትለዩ የቱ የየት እንደሆነ የሚነግራችሁ ያ ሰሌዳ ነው።