አጠገባችሁ ላለ ሰው ፋይል ስትልኩ ዳታ አትፍጁ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ምሽቱን ለምታውቁት ነው። አጠገባችሁ ለተቀመጠ ሰው ቪዲዮ በቴሌግራም አትላኩ፤ እናንተ ስትልኩም እሱ ሲያወርድም ፓኬጅ ይበላል። ሎካልሴንድ የሚባል ነፃ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ አፕ አለ። ሁለታችሁም ጫኑት። አንዱ አንድሮይድ ሆትስፖት ይክፈት፣ ሌላው ይገናኝ። ዳታው ይጥፋ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፋይሉን መርጣችሁ የሌላኛውን ስልክ ስም መንካት ነው፤ ተቀባዩ እሺ ሲል አለቀ። (ለየስልኩ የፍራፍሬና የአትክልት ስም ያወጣል፤ «ማንጎ» ምናምን ብታዩ እንዳትደነግጡ።) ምዝገባ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን፣ ከስልክ ወደ ላፕቶፕም ይልካል። ፎቶ ጥራቱ አይቀንስም። ላፕቶፑ ካልታየ ፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚቆጣጠረው የላፕቶፑ መከላከያ) አፑን ከልክሎት ሊሆን ይችላል፤ ፍቀዱለት።