ከሞተርሆም ኋላ የምትጎተት መኪና ባትሪዋ እንዳያልቅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ውለው ማምሻውን ማደሪያዎ ደረሱ። ሞተርሆሙን (መኝታና ማብሰያ ያለውን፣ ቤት የሆነውን ትልቅ መኪና) አቆሙ። ከኋላው አራቱም ጎማዋ መሬት ረግጦ ስትጎተት የዋለችው ትንሿ መኪና ውስጥ ገብተው ቁልፉን አዞሩ። የተሰማው አንድ ደካማ «ጠቅ» ብቻ ነው። የዳሽቦርዱ መብራቶች ፈዘዝ አሉና ጠፉ። ማርሹ ኒውትራል ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ እሱም አይዝም። ቦታው ትንሽ እንኳ ተዳፋት ካለው መኪናዋን ከመጎተቻው ብረት ማላቀቅ አደጋ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ፣ ከማላቀቅዎ በፊት ከጎማዋ ሥር ታኮ ማድረግን አይርሱ።

እኔም በመጀመሪያው ረጅም ጉዞዬ የገጠመኝ ይኸው ነበር። ባትሪው አርጅቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በሁለተኛው ቀን አለቀ። ቁጭ ብዬ ማስላት የጀመርኩት ያኔ ነው። ከባትሪው በሰዓት ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ምን ያህልስ እንደሚገባለት አንድም ቀን ለክቼ አላውቅም ነበር። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ አለመለካት ነው።

ሞተሩ ስለጠፋ ኤሌክትሪክ አይወጣም ብሎ ማመን

በአራት ጎማ የምትጎተት መኪና መሪዋ መቆለፍ የለበትም፤ የፊት ጎማዎቿ የሞተርሆሙን ዱካ ተከትለው መዞር አለባቸውና። በብዙ መኪኖች መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ በመጀመሪያው እርከን ላይ ተከፍቶ መዋል አለበት። ቁልፉ ሲከፈት ግን መሪው ብቻ አይደለም ነጻ የሚወጣው፤ ሬዲዮው፣ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት፣ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይነቃሉ። ሞተሩ ስለማይዞር ዲናሞው አይሠራም፤ የወጣውን የሚተካ የለም።

ሒሳቡን እንየው። መኪናዋ 4 አምፔር ብትስብና 8 ሰዓት ብትጎተት 32 አምፔር ሰዓት ይወጣል። የትንሽ መኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነው። ባለ 50 ከሆነ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው በአንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ የመኪና ባትሪ የተሠራው ለአፍታ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) እንዲያዞር እንጂ ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ እንዲራገፍ አይደለም። እስከ ታች ተራግፎ ሲቆይ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ የሰልፌት ቅርፊት ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ቻርጅ ቢደረግም የቀድሞ አቅሙ አይመለስለትም።

የእርስዎ መኪና ስንት አምፔር እንደምትስብ በግምት አይወስኑ። ገመድ አቅፎ የቀጥታ ጅረትን (ባትሪ የሚሰጠውን ዓይነት) የሚለካ መቆንጠጫ መለኪያ ይዋሱ ወይም ይግዙ። መኪናዋን ልክ ለመጎተት እንደሚያዘጋጁት ያዘጋጁ፤ በሮቹን ይዝጉ፣ መለኪያውን በባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ላይ ያቅፉትና ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ከዚያ አንዳንዶቹ ኮምፒውተሮች ሲተኙ ይወርዳል። ሲረጋጋ የሚያነቡት ቁጥር በጉዞ ሰዓትዎ ሲባዛ እውነተኛው ወጪዎ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ሰው ባትሪውን ዳግም በጭፍን አይወቅስም።

የመኪናዋን መመሪያ ሳያነቡ ፊውዝ መንቀል

አንዳንድ አምራቾች ከመጎተቱ በፊት አንድ የተወሰነ ፊውዝ እንዲነቀል ያዝዛሉ። አንዳንዶቹ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሁለቱንም ይከለክላሉ፤ መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ አንዳንድ መኪኖች ኤሌክትሪክ ሲቋረጥባቸው የፊት ጎማቸው በጉዞ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። ከነጭራሹ በአራት ጎማ መጎተት የሌለባቸውም ብዙ ናቸው። የጎረቤትዎ መኪና ተመሳሳይ ስም ቢኖራትም የሥሪት ዓመቷ ከተለየ ትእዛዙ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው የራስዎ መኪና መመሪያ ነው።

ፊውዝ መንቀል የተፈቀደ ከሆነ በየቀኑ በጣት መንቀልና መመለስ መያዣውን ያላላዋል። በባለሙያ የሚገጠም ማብሪያ ማጥፊያ ይሻላል። ኔጌቲቩን ገመድ የሚፈቱ ከሆነም፣ ከዚያው ባትሪ ጉልበት የሚወስደው የፍሬን መሣሪያ (ቀጥሎ የማነሳው) አብሮ እንደሚጠፋ አይዘንጉ።

የፍሬኑን ድርሻ መርሳት

ብዙዎች ሬዲዮውን ያጠፋሉ፣ የስልክ ቻርጀሩን ይነቅላሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠውን በላተኛ ግን አያዩትም። ሞተርሆሙ ሲቆም የምትጎተተው መኪናም እንድትቆም የሚያግዝ መሣሪያ ከሾፌሩ ወንበር ፊት ይቀመጣል፤ በክንዱ የፍሬኑን ፔዳል ይጫናል። አንዳንዱ ጉልበቱን ከመኪናዋ ሶኬት ይወስዳል። በከተማ መንገድ ወይም በረጅም ቁልቁለት ላይ በየጊዜው ሲሠራ ከባትሪው የሚወስደው ቀላል አይደለም።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ሲቀመጥ ወንበሩ ወደ ፊት ትንሽ ከተገፋ፣ ክንዱ ፔዳሉን በስሱ ተደግፎ ይውላል። የፍሬን መብራት ለመብራት የፔዳሉ ጥቂት ሚሊሜትር መውረድ ይበቃዋል። እያንዳንዳቸው 21 ዋት የሆኑ ሁለት የኋላ አምፖሎችና ከመስታወቱ በላይ ያለው ሦስተኛው ሲደመሩ 5 አምፔር ያህል ይስባሉ። ስምንት ሰዓት ከበሩ 40 አምፔር ሰዓት ነው፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሲውል ይወጣል ብለን ካሰላነው 32 በላይ። መብራቶቹ የኤልኢዲ ከሆኑ ወጪው በጣም ያንሳል፤ ነገር ግን ተደግፎ የዋለ ፔዳል ፍሬኑን ራሱን ያግላል፤ የፍሬን ሸራውን ይበላል፣ ሲብስም እሳት ያስነሳል።

የእኔን ሁለተኛ ባትሪ የጨረሰውም ይኸው ነበር። መሣሪያውን አስተካክዬ፣ ወንበሩን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ስመልሰው መብራቱ ጠፋ። አንድ ጥርስ ብቻ! አሁን ከመነሳቴ በፊት ሁሉን አሰናድቼ እጨርስና ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሬ መብራቷን አያለሁ። ብርሃን በበዛበት ቀን በእጄ ከልዬ አያለሁ።

ገመዱ ከተሰካ ባትሪው ይሞላል ማለት

ከሞተርሆሙ ወደ መኪናዋ የሚሄደው ገመድ ሥራው የኋላ መብራቶችን ማብራት ነው። ባለ 4 መስመሩ መሰኪያ የመብራት መስመሮችንና መሬት የሚባለውን የጅረት መመለሻ መስመር ብቻ ይዟል፤ ቻርጅ የሚያደርግ መስመር የለውም። ባለ 6 ወይም ባለ 7 መሰኪያ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ፤ በሞተርሆሙም በመኪናዋም በኩል ሽቦ ካልተዘረጋለት ግን ባዶ ቦታ ነው። ለማወቅ ሞተርሆሙን አስነስተው የመኪናዋን ባትሪ በቮልቲሜትር ይለኩ። 12.5 ላይ ቆሞ ካልተንቀሳቀሰ ምንም አልገባም። ከ13.5 በላይ ካሳየ እየሞላ ነው።

መስመር ለመዘርጋት ሲወስኑ በቀጭን ሽቦ አይሠሩ። ከሞተርሆሙ ባትሪ እስከ መኪናዋ ሞተር ክፍል 15 ሜትር ቢሆን ጅረቱ ሄዶ ሲመለስ 30 ሜትር ነው። ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 10 አምፔር ቢያልፍ 2 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ ይቀራል። ሞተርሆሙ 14.2 ቢልክ መኪናዋ ጋ የሚደርሰው 12.1 ነው፤ ይህ ደግሞ ባትሪ አይሞላም። በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብክነቱ ከ1 ቮልት በታች ይወርዳል። ሽቦ ከማወፈር ይልቅ ከመኪናዋ ባትሪ አጠገብ የቮልት ማሳደጊያ ቻርጀር መግጠም ይቻላል፤ የሚደርሰውን ዝቅተኛ ቮልት ተቀብሎ ባትሪው ወደሚፈልገው ከፍ ያደርገዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ዲናሟቸው በየመሐሉ ቮልት የሚቀንስ አዳዲስ ሞተርሆሞች ላይ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው በአንድ ጫፍ ብቻ ሠርቶ ያልፋል። መስመሩ በሁለት ባትሪዎች መካከል ያለ ነው፤ መሐል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ከዚህ ሌላ ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ ዳዮድ ወይም ቻርጀር መኖር አለበት። እሱ ከሌለ ማታ ሞተርሆሙ ሲቆም የመኪናዋ ባትሪ ወደ ትልቁ ሊራገፍ ይችላል፤ ጠዋት ሞተርሆሙ ሲነሳም ሞተሪኖው ጉልበቱን በዚያ ቀጭን ሽቦ በኩል ከትንሿ መኪና ይጎትታል።

አምስት ደቂቃ ማስነሳት ይበቃል ብሎ መጽናናት

አንዳንድ መመሪያዎች ጠዋትና በየነዳጅ ማደያው ሞተሯን ለጥቂት ደቂቃ አስነሱ ይላሉ። ይህ የካምቢዮ ዘይት እንዲዘዋወር ነው፤ መከበርም አለበት። ለባትሪው ግን አይቆጠርም። ዲናሞው በ30 አምፔር ቢሞላ እንኳ በአምስት ደቂቃ የሚገባው 2.5 አምፔር ሰዓት ነው።

ትናንሽ ነገሮች

ቁልፍ ሳይገባባቸው በአዝራር የሚነሱ መኪኖች ቁልፋቸው በአቅራቢያቸው ካለ ኮምፒውተሮቻቸው ደጋግመው ሊነቁ ይችላሉ፤ መመሪያው ካልከለከለ ቁልፉን እርስዎ ጋ ያድርጉት። የመንገድ መቅረጫ ካሜራውን ይንቀሉ። በግማሽ የተዘጋ በር የውስጥ መብራቱን ያበራል።

ያልሞላ ባትሪ ይዞ መነሳት

ለአጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነሳ መኪና ባትሪዋ ሞልቶ የሚያውቀው አልፎ አልፎ ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት በቻርጀር ይሙሉት፣ ከቻርጀሩ አውጥተው ጥቂት ሰዓት ያሳርፉትና ይለኩ። ለተለመደው የእርሳስ ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ። ሞልቶ ካረፈ በኋላ በማግስቱ ያለ ምንም ሥራ 12.3 ላይ ከተገኘ ያ ባትሪ ደክሟል፤ ይዘውት አይውጡ።

በእጅ የሚያዝ ማስነሻ ባትሪ መያዝ መልካም ነው፤ ግን ሞተርሆሙ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ፀሐይ በሚያግላት መኪና ውስጥ አይዋል። መኪናዋን በእሱ ካስነሱ በኋላም ማታውን ባትሪውን በቻርጀር ይሙሉት፤ እስከ ታች ያለቀን ባትሪ በአጭር መንገድ ዲናሞ መሙላት አይቻልም።

እኔ አሁን የመኪናዋን ቮልት በገመድ አልባ ወደ ሾፌሩ ወንበር የሚያመጣ ትንሽ መለኪያ ገጥሜያለሁ። ቻርጅ መስመሩ ሲሠራ ከ13 በላይ ያሳየኛል። ቁጥሩ ወደ 12.4 ሲወርድ ካየሁ በሚቀጥለው ማረፊያ እቆምና በመጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሬ የፍሬን መብራቷን አያለሁ፤ ከዚያ መሰኪያውን፣ ከዚያ ፊውዞቹን።