የወላጆቼን የቤት ስልክ ከአጭበርባሪ ጥሪ ያሳረፍኩበት መንገድ

ሜሪላንድ የሚኖሩት ወላጆቼ የቤት ስልካቸው ከጠዋት እስከ ማታ ይጮህ ነበር። አንዱ የመኪና ዋስትና ይሸጣል፤ ሌላው «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው፣ ቁጥርዎ ታግዷል» እያለ ያስፈራራል።

መጀመሪያ ከዚያው ስልክ ወደ 1-888-382-1222 ደውዬ ቁጥሩን በብሔራዊው «አትደውሉልኝ» መዝገብ አስገባሁ። ሥራ ላይ እስኪውል እስከ 31 ቀን ይፈጃል። ሕጋዊ ሻጮች ቀነሱ፤ አጭበርባሪ ግን መዝገብ አያነብም። የበጎ አድራጎትና የምርጫ ቅስቀሳ ጥሪዎችንም መዝገቡ አይከለክልም።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማገድ ጀመርኩ። ከንቱ ድካም ነው፤ የሚታየው ቁጥር ሐሰተኛ ነው፣ ብዙ ጊዜም የእኛኑ አካባቢ ኮድ ለብሶ ይመጣል። ከስልኩ *77 ተጭኖ የሚከፈተው ማገጃም የሚመልሰው ቁጥራቸውን የደበቁትን ብቻ ነው።

መፍትሔው ኖሞሮቦ የተባለው የአጭበርባሪ ጥሪ ማገጃ አገልግሎት ሆነ። መስመሩ በኢንተርኔት የሚሠራ መሆን አለበት፤ በአሮጌው የመዳብ ሽቦ አይሆንም። በድረ ገጹ ተመዘገብኩ፤ ከዚያም በስልክ ድርጅቱ የደንበኞች ገጽ ላይ ጥሪን በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ቁጥር የሚልከውን አገልግሎት ከፍቼ ኖሞሮቦ የሰጠኝን ቁጥር አስገባሁ። አሁን የታወቀ አጭበርባሪ ሲደውል ኖሞሮቦ ጥሪውን ስለሚወስደው ስልኩ አንዴ ጮሆ ዝም ይላል። ስለዚህ ስልኩ ሁለተኛ ሳይጮህ እንዳያነሱ ነግሬያቸዋለሁ።

በማሽን ሳይሆን ራሱ ሰው የሚደውለው ጥሪ ግን አልፎ አልፎ ያመልጣል። እናቴ የሚናገር ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ይመስላታል፤ በመጨረሻ «ልጄን ጠይቁ» ብላ ለመዝጋት ተስማማች። የስጦታ ካርድ ግዙ የሚላት ላይ ግን ያንንም ሳትል ትዘጋለች።