«ምን ሆኖ ነው?» ከማለታችን በፊት፦ በኮሌጅ ስፖርተኞች ጉዳት ዙሪያ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ስፖርት ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የፉትቦል (የአሜሪካው እንጂ የእኛው እግር ኳስ አይደለም) ጨዋታ ሲኖር ከ100 ሺህ በላይ ሰው የሚይዙ ስታዲየሞች ጢም ብለው ይሞላሉ። ሜዳው ላይ ያለው ልጅ ግን ተማሪ ነው። ዕድሜው 19 ወይም 20 ነው። ሰኞ ክፍል ይገባል፣ ሐሙስ ፈተና አለበት። ጉልበቱን ይዞ ሲወድቅ ያ ሁሉ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ምን ሆኖ ነው?

ጥያቄው ክፋት የለበትም። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይጠየቃል፤ ያልጠየቀ ይወቀሳል። መልሱን እንደ መብት መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የጤናው ጉዳይ የልጁ ነው። የአሰልጣኙ አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው አይደለም፣ ትኬት የገዛው ደጋፊም አይደለም። ይህ ስለሚረሳ ነው ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች የሚደጋገሙት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ሁሉንም ነገር «ሂፓ» ብሎ መዝጋት

አሰልጣኝ ስለተጎዳ ተጫዋች ሲጠየቅ «በሂፓ ምክንያት መናገር አልችልም» ይላል። ደጋፊው ደግሞ ጋዜጠኛ ስለ ጉዳት ሲጽፍ «ሂፓን ጣሰ» ብሎ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ሂፓ በ1996 የወጣ፣ የሰውን የጤና መረጃ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ነው። የሚያስረው ሐኪሞችን፣ ሆስፒታሎችን፣ የጤና ኢንሹራንሶችንና ለእነሱ የሚሠሩ ድርጅቶችን ነው። ጋዜጠኛን አያስርም፣ ደጋፊንም አያስርም። በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ያለው የተማሪ መዝገብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሕግ ነው የሚጠበቀው። እሱም ፌርፓ የሚባለው የ1974ቱ የትምህርት መዝገብ ሕግ ነው። ልጁ ከግቢ ውጭ ያለ ሆስፒታል ሲገባ ሂፓ አለ። ግቢው ውስጥ ሲታከም በአብዛኛው ፌርፓ ነው።

ልዩነቱ የሕግ ባለሙያ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፌርፓ የሚጠብቀው መዝገብን እንጂ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየውን አይደለም። አሰልጣኙ «ቁርጭምጭሚቱን ወለም ሲለው ሁላችሁም አይታችኋል» ቢል መዝገብ አላወጣም። የኤምአርአይ ውጤቱን ግን ልጁ ሳይፈቅድ ለጋዜጠኛ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ አሰልጣኝ የሕግ ስም ጠርቶ ሲያልፍ አንዳንዴ የሚጠብቀው ልጁን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከተጋጣሚው የሚደብቀውን አሰላለፍ ነው።

ፎርም ሳያነቡ መፈረም

ይህ ለተጫዋቾቹና ለቤተሰብ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲጀምር ልጁ የወረቀት ክምር ይሰጠዋል። ከመሀሉ አንዱ የጤና መረጃው ለማን እንደሚነገር የሚፈቅድበት ነው። ብዙዎች ልምምድ እንዳያመልጣቸው ብለው በጥድፊያ ይፈርማሉ። ከዚያ ዜናው በቴሌቪዥን ሲወጣ «ማን ነገራቸው?» ይባላል። የነገራቸው ፊርማው ነው።

ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ለማን ይነገራል፣ ምን ምን ይነገራል፣ እስከ መቼ? ለአሰልጣኝ መፍቀድና ለሚዲያ መፍቀድ አንድ አይደሉም። ወረቀቱ ሁለቱን አጣምሮ ከያዘ «የሚዲያውን ልተወው እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በሂፓ ሥር የሚፈረም ፈቃድ የሚያበቃበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ የፈረመውም ሰው በጽሑፍ ሊሽረው ይችላል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ብዙ አይደለም። ማንም ቁጭ አድርጎ አይነግራቸውማ።

የልጁን ገመና የትምህርት ቤቱ ጋሻ ማድረግ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ጆርዳን ማክኔር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋች ነበር። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ሜይ 29 ቀን 2018 ቡድኑ የሩጫ ልምምድ እያደረገ ሳለ ልጁ ሰውነቱ ጋለ፣ አቅሙ ከዳው። ኃይለኛ ሙቀት ሰውን ሲመታው መጀመሪያ መደረግ ያለበት የታወቀ ነው። አካሉን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ያውም ወዲያው። ይህ አልተደረገለትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጁን 13 ቀን ሞተ። 19 ዓመቱ ነበር።

በዚያ ጊዜ ብዙ ዝምታ ነበር። ለቤተሰቡ ኀዘን የሚገባው ዝምታ አለ፤ እሱን ማክበር ግድ ነው። ቆይቶ ግን ወላጆቹ ራሳቸው ልጃቸው በምን እንደሞተ ለሕዝብ መናገር ጀመሩ፣ በስሙም ፋውንዴሽን አቋቋሙ። በኦገስት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቀርበው ተቋማቸው ሕጋዊና ሞራላዊ ኃላፊነት እንደሚወስድ ተናገሩ። በኦክቶበር መጨረሻ ዋና አሰልጣኙ ተሰናበተ። በ2021 የሜሪላንድ ምክር ቤት በጆርዳን ስም የተጠራ የስፖርተኞች ደህንነት ሕግ አወጣ።

ስለ ጤና ምስጢር ስንከራከር ይህን ታሪክ አንርሳ። ልጁ የጉልበቱን ፎቶ ለሕዝብ ማሳየት የለበትም። ዩኒቨርሲቲው ግን «በልምምድ ወቅት ሐኪም ነበር? ቀዝቃዛ ውኃ ተዘጋጅቶ ነበር? ማን ወሰነ?» ተብሎ ሲጠየቅ በልጁ ገመና መሸፈን አይችልም። የመጀመሪያው የሰው አካል ነው፣ ሁለተኛው የተቋም አሠራር ነው። ደጋፊ ጉጉቱን የሚያውልበት ቦታ ካስፈለገው ሁለተኛው ላይ ያውለው። ይጠይቅ፣ ይጻፍ፣ ይጩህ።

ሶፋ ላይ ተቀምጦ ምርመራ ማድረግ

ዲሴምበር 12 ቀን 2020 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኪዮንቴ ጆንሰን በጨዋታ መሀል ሜዳ ላይ ወደቀ። ዘመኑ የኮቪድ ነው። ልጁ ቀደም ብሎ ኮቪድ ተይዞ ስለነበር ኢንተርኔቱ በሰዓታት ውስጥ ፈረደ፤ ኮቪድ ልቡን ጎዳው ተባለ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቤተሰቡ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎች መርምረውት የወደቀው በኮቪዱ ምክንያት እንዳልሆነ ገለጸ። እሱም በኋላ ለካንሳስ ስቴት ተጫወተ፣ በ2023 ቡድኑ በኮሌጆች ውድድር ከመጨረሻዎቹ ስምንት አንዱ ሲሆን አብሮ ነበር። በዚያው ዓመት የኤንቢኤ ቡድን መረጠው።

ሰዎች ከዚህ ተምረዋል ትላላችሁ? ጁላይ 24 ቀን 2023 የቅርጫት ኳስ ኮከቡ የሌብሮን ጄምስ ልጅ ብሮኒ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ልምምድ ላይ ልቡ ቆመ። ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ «ክትባቱ ነው» የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ኢላን መስክ ሳይቀር ወሬውን አራገበ። በቀጣዩ ወር ቤተሰቡ ምክንያቱን ተናገረ፤ አብሮት የተወለደ የልብ ችግር ነው።

ሁለቱም ጊዜ እውነቱ የመጣው ሳምንታት ቆይቶ ነው፣ ያመጣውም ቤተሰቡ ነው። የልብ ምርመራ ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና ሳያውቁ እኛ አውቀን ስንለጥፍ እናትየዋ አልጋው አጠገብ ሆና ስልኳ ላይ ታነበዋለች። የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ቪዲዮ ሲመጣላችሁም አታስተላልፉ። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ቢሆንም፣ «ጸልዩለት» የሚል ቢጻፍበትም። ጸሎቱ ያለ ቪዲዮው ይደርሳል።

ጉዳትን የቤቲንግ መረጃ አድርጎ ማየት

በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን የሚገድበውን የፌዴራል ሕግ ሻረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስቴቶች ቤቲንግ ፈቅደዋል። አንድ ተጫዋች መሰለፍ አለመሰለፉን ቀድሞ ማወቅ ገንዘብ ሆነ።

ምን ያህል ገንዘብ? በኤፕሪል 2023 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ጋር ሊጫወት ነበር። የዕለቱ ዋና ወርዋሪ በጤና ምክንያት እንደማይገባ ዜናው ገና አልወጣም። የአላባማው አሰልጣኝ ግን ለአንድ ቆማሪ ሹክ አለው። ቆማሪው ሲንሲናቲ ስታዲየም ውስጥ ባለ ቤቲንግ ቤት ሄዶ አላባማ ይሸነፋል ብሎ 100 ሺህ ዶላር ልያዝ አለ። ሠራተኞቹ ጠረጠሩና 15 ሺህ ብቻ ፈቀዱለት። አሰልጣኙ በቀናት ውስጥ ተባረረ። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካሉ ኤንሲኤኤም በ2024 ለ15 ዓመት የሚዘልቅ ቅጣት ጣለበት። ቆማሪው እስር ቤት ገባ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው እንደ ቤቲንግ ቅሌት ነው። ለእኔ ግን በመጀመሪያ የአንድ ተማሪ ሕመም የተሸጠበት ታሪክ ነው። ተጫዋች ሕመሙን ለአሰልጣኙ የሚናገረው ያግዘኛል ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚወዳደሩባቸው ሊጎች መላ አበጁ። ቢግ ቴን ከ2023 ጀምሮ፣ ኤስኢሲ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ቡድኖች ከጨዋታ በፊት ማን እንደሚሰለፍ እንዲያሳውቁ ያስገድዳሉ። ሹክሹክታው ዋጋ እንዲያጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰማዋል። ሪፖርቱን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። «አይሰለፍም» ወይም «አጠራጣሪ ነው» ይላል እንጂ «የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነው» ብሎ መዘርዘር አይጠበቅበትም። ይህ መልካም አሠራር ይመስለኛል። ለደጋፊ የሚበቃው ይኸው ነው። «ምክንያቱ ለምን ተደበቀ?» ብሎ መቆጣት የሪፖርቱን ዓላማ አለመረዳት ነው።

የቆረጠው ቲኬት የተበላበት ሰው ለተጫዋቹ የሚልከው ስድብና ዛቻም ሌላው ጉድ ነው። በ2024 የኤንሲኤኤ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በአንድ ኮሌጅ ተጫዋች የግል ውጤት ላይ የሚደረግ ውርርድ በየስቴቱ እንዲታገድ ጠየቁ። እንደ ኦሃዮና ሜሪላንድ ያሉት አግደዋል። ልጅ ሳይሻለው ሜዳ የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ጫና እንዳይሆን እሰጋለሁ።

«ልጄ ነው» ብሎ ሁሉን መጠየቅ፣ ሁሉን መናገር

ይህ እኛን ይመለከተናል። ልጁ ኮሌጅ ከገባ ወይም 18 ከሞላው በኋላ በፌርፓ መሠረት የመዝገቡ ባለመብት ራሱ ነው። ደውላችሁ «የልጄን የምርመራ ውጤት ንገሩኝ» ስትሉ ዩኒቨርሲቲው ቢያመነታ ንቀት አይደለም። ሕጉ በር አልዘጋም። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ወይም ልጁ በግብር መዝገባችሁ በእናንተ ሥር ያለ ጥገኛ ከሆነ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ልጁ ራሱ ስማችሁን ጽፎ እንዲፈቅድላችሁ ቀድሞ መነጋገር ነው። ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ከመከራከር ያድናል።

ከተነገራችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ። አክስት ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለማኅበሩ፣ ከማኅበሩ ፌስቡክ። ልጁ ለአሰልጣኙ ገና ሳይናገር የቀዶ ጥገና ቀኑ ታውቆ ያድራል። ዘመድ መጨነቁ ያለ ነው። «ደህና ነው፣ እየታከመ ነው፣ እሱ ሲፈልግ ይነግራችኋል» ማለት ይበቃል።

«በግል ጉዳይ» የሚለውን መቆፈር

ቡድኑ «በግል ጉዳይ አልተሰለፈም» ካለ እዚያው ተዉት። ሐዘን ሊሆን ይችላል፣ የአእምሮ ጤና ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። ሴት ስፖርተኞች ላይ ደግሞ ግምቱ ቶሎ ወደ እርግዝና ይሄዳል፤ እሱን እንኳ አለማንሳት ነው።

ሲፈልጉ ራሳቸው ይናገራሉ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኬንተኪ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ሳለ በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ 1500 ሜትር አልፎ ነበር። ማጣሪያው ሲደርስ በጭን ጡንቻ ጉዳት ምክንያት ሳይሮጥ ቀረ። ስንጠብቀው ለነበርን ሁሉ አሳዛኝ ነበር። የተነገረን ግን ያ ነው፣ እሱም በቂ ነበር። የሐኪም ወረቀት ማንም አላስፈለገውም። በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት ነሐስ ወሰደ።

ከደጋፊ የሚደበቀውን ከሐኪምም መደበቅ

የመጨረሻው ስህተት የተጫዋቾቹ ነው፣ ሊገድልም ይችላል። «የኔ ጉዳይ ነው» ማለትን ከቡድኑ ሐኪም መሸሽ የሚያደርጉት አሉ። በተለይ ኮንከሽን ሲሆን፣ ማለትም ጭንቅላት ተመትቶ አንጎል ሲናጥ። ከውጭ አይታይም። ልጁ ራሱን ቢያዞረውም ብርሃን ቢረብሸውም ቦታዬን እነጠቃለሁ ብሎ ይውጠዋል። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ከደረሰበት አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል።

ኤንሲኤኤ ከ2010 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች የኮንከሽን ዕቅድ እንዲኖራቸው፣ ተጫዋቾችም ምልክት ሲያዩ ለሕክምና ባለሙያ እንደሚናገሩ እንዲፈርሙ ያደርጋል። ይህ ከጤና ምስጢር ጋር አይጋጭም። ሐኪሙ የሚሰማው ሊያክመው ነው።

ኮሌጅ የሚጫወት ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ በዚህ ሳምንት ደውሉና ይህን ጠይቁ፦ ጭንቅላትህን ተመትተህ ለሐኪሙ ሳትናገር ያለፍክበት ቀን አለ? አለ ካለ፣ ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ሄዶ ይንገራቸው።