«ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት» እና ሌሎች ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሱ ስህተቶች

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ በሚገኝ አንድ ፎቅ ሦስተኛ ወለል ላይ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያ በማትሰፋ ክፍል ውስጥ፣ የጀማሪ ደራስያንን አጫጭር ልብ ወለዶች አነባለሁ። የሆሄ ግድፈት አያናድደኝም፤ ይታረማል። የሚያናድደኝ ብዕሩ የሚፈስለት ልጅ አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ታሪኩ በገባች ቁጥር እጁ መያዙ ነው። ያን ጊዜ የሚጽፈው እሱ አይደለም፤ ሲሰማ ያደገው ሁሉ ተሰብስቦ ይጽፍለታል። ባለፈው ቅዳሜ ከሦስት ሰዎች ሦስት ጊዜ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦

«ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። «ብትሆንም» እዚያ መሐል ገብታ ምን ትሠራለች? «ዝናብ ቢጥልም መጣ» ስንል ዝናብ ሰውን ከመምጣት ይከለክላል ብለን አስቀድመን ተስማምተናል። «ድሃ ቢሆንም ለጋስ ነው» ስንልም እንዲሁ። «ጥቁር ብትሆንም» ያለ ደራሲ ከአንባቢው ጋር አንድ ውል ተፈራርሟል፤ ጥቁረት ውበትን ይከለክላል የሚል። ሴቲቱን ያሞገሰ ይመስለዋል፤ ያሞገሰው ከጥቁረቷ ማምለጧን ነው። ክፋት የለበትም፤ ይህ ነው ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው። ክፉ ሰው የጻፈውን በቀላሉ እሰርዛለሁ፤ ደግ ልጅ የጻፈውን «ም» ለመሰረዝ ግን ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።

ከሦስቱ አንዱ ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ ይላል» አለ፤ የመኃልየ መኃልይን ምዕራፍ 1 ማለቱ ነው። ደስ አለኝ፤ ያነበበ ተከራካሪ እወዳለሁ። በዕብራይስጡ ጥቁረቷንና ውበቷን የምታያይዘው አንዲት ፊደል ናት፤ የግእዛችን «ወ» እኅት። «እና» ተብላም፣ «ነገር ግን» ተብላም ልትነበብ ትችላለች። የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም «እና» አለ። የላቲኑ «ግን» አለ። «እንግዲህ አንተም ምረጥ» አልሁት። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሰረዘና «ጥቁር ናት። ቆንጆ ናት።» ብሎ ጻፈ፤ ሁለት አራት ነጥብ። ማኪያቶውን እኔ ከፈልሁ።

የዚህ ስህተት ታናሽ እኅት «ጠይም» ናት። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ዘፈኖቻችንም ያለ እሱ ባልቆሙ። ነገር ግን የጀማሪዎቼን ታሪኮች ደርድራችሁ ብታነቡ ጠይም ሁልጊዜ የምትፈቀረው፣ ጥቁር ሁልጊዜ ውኃ የምትቀዳው ሆና ታገኟታላችሁ። በአንድ ታሪክ ውስጥ የሠራተኛዋ ቀለም ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስሟ አንድ ጊዜም አልተጠቀሰም።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ማለት። ይህኛው ሲጻፍ ሳይሆን በውይይት ሰዓት ይመጣል። «ዘረኝነት» ስንል አእምሯችን የሚሮጠው ወደ ብሔር ስለሆነ፣ የቆዳ ቀለም ነገር ባሕር ማዶ የቀረ ይመስለናል። ከዚያም አንዱ አድዋን ያነሣል። አድዋን እኔም አነሣለሁ። ግን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታቱን ማኅበር ስትቀላቀል ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ እንደ ነበር፣ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅም የወጣው በ1942 እንደ ሆነ አብሮ ይነሣ። አዋጁ ሽያጩን ከለከለ፤ ስድቡን አልከለከለም። ስድቡ ዛሬም ታክሲ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ አንዳንዴም በሠርግ ሽምግልና መሐል ይሰማል። ስለዚህ «ባሪያ» የሚለውን ቃል በታሪክህ ውስጥ አትጻፍ አልልም። ባለጌ ገጸ ባሕርይ ይበለው፤ ባለጌነቱ ይታይበት። ተራኪው ሲለው ግን የተናገርኸው አንተ ነህ።

ቆዳን ከቡናና ከቸኮላት ጋር ማመሳሰል። ቡና ይጠጣል።

ታማኟ ሞግዚት። ብዙዎቻችን ይህችን ሴት ያወቅናት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ውስጥ ነው፤ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»። ያ ትርጉም እንዴት እንደ ተሠራ ባሰብሁ ቁጥር እጅ እነሣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው ልብ ወለድ ራሱ ግን ከአሜሪካ ደቡብ የመጣ ነው፤ የባርነቱን ዘመን በናፍቆት ያያል። «ማሚ» ትልቅ ገላ፣ ትልቅ ድምፅና ትልቅ ታማኝነት አላት፤ ሌላ ስም ግን የላትም። ፊልሙ ላይ ይህን ሚና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው አምባሳደር ሆቴል ነበር (ከእኛው አምባሳደር ጋር የሚጋሩት ስም ብቻ ነው)። ሆቴሉ ጥቁር እንግዳ ስለማያስገባ እሷ የገባችው በልዩ ፈቃድ ነው፤ ያስቀመጧትም ከሥራ ባልደረቦቿ ተነጥላ፣ ግድግዳ ሥር ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ለጀማሪዎች ሁልጊዜ የምነግረው ስለዚያች ጠረጴዛ ነው። ሚናውን ሁሉም ወደደው፤ ሴቲቱን ግን ከአጠገቡ ማስቀመጥ አልፈለገም።

ማሚ ታዲያ ቀሚስ ቀይራ ካዛንቺስ ትገባለች። «እማማ» ተብላ የባለጸጋውን ልጆች ታሳድጋለች፣ ትቆጣለች፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ታለቅሳለች። እንዲህ ያለች ሴት ስትመጣብኝ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ደመወዟ ስንት ነው? እሑድ የት ትውላለች? የሰው ልጅ ስታጠባ የእሷ ልጅ ማን ጋር ነው? መልስ የሌለው ደራሲ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዲት ተማሪዬ ሦስተኛውን ጥያቄ ስትመልስ አዲስ ታሪክ ወጣላት፤ የመጀመሪያውን ቀደደችው።

አታላይዋ፣ አሳሳቿ። ይህ ተረት ሥራ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1662 የወጣ የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ሕግ ልጅ ነፃም ባሪያም የሚሆነው እናቱን ተከትሎ ነው ብሎ ደነገገ። ጌታው በባርነት የያዛትን ሴት ደፍሮ ቢያስወልዳት ልጁ ሀብቱ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥርዓት «ራሷ ናት የፈለገችው» የሚል ወሬ ያስፈልገዋል፤ ወሬውም ተፈበረከ፣ ከሥርዓቱም በላይ ኖረ። ስለዚህ ጥቁር ሴት ገና በር ሳትከፍት ዳሌዋ የሚገባባቸውን ታሪኮች ስመልስ ጨዋነት አጥቅቶኝ አይደለም። የኮይኮይ ተወላጅ የነበረችው ሳራ ባርትማን እ.ኤ.አ. በ1810 ከደቡብ አፍሪካ ወደ ለንደን ተወስዳ በገላዋ ምክንያት ለትርኢት ቀረበች፤ በ1815 ፓሪስ ውስጥ ሞተች። ቅሪቷ በሙዚየም እስከ 1970ዎቹ ድረስ ታየ፤ አገሯ ገብታ የተቀበረችው በ2002 ነው። በሜትር የሚለካ መግለጫ ሳነብ እሷ ትዝ ትለኛለች።

ብርቱዋ፣ የማትሰበረዋ ሴት። በሃያ ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ራሷን ይመማትና ትተኛ።

አሁን የራሴን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን አንድ የአሜሪካ ልብ ወለድ ተረጎምሁ። ነጮቹን በጠራ የጋዜጣ አማርኛ አናገርኋቸው። ጥቁሯን ወጥ ቤት አማርኛ ገና በመማር ላይ እንዳለ ሰው አኮላተፍኋት፤ ጾታ እየቀላቀለች፣ ግስ እየጣለች። ጓደኞቼ ሲያነቡ ሳቁ፤ እኔም ኮራሁ።

የአሜሪካ ጥቁሮች እንግሊዝኛ የራሱ ሰዋስው እንዳለው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሴቲቱ «ሺ ቢ ወርኪንግ» ስትል ግስ ማርባት አቅቷት አይደለም። አሁን እየሠራች ነው ማለቷም አይደለም፤ ሥራ ላይ መገኘት ልማዷ ነው እያለች ነው። መደበኛው እንግሊዝኛ ያንን ለማለት ተጨማሪ ቃል ይፈልጋል። እኔ ከጌቶቿ የረቀቀውን ቋንቋዋን ወስጄ መንተባተብ አደረግሁት፤ የሳቁት ጓደኞቼም የሳቁት በእኔ ፈጠራ ነበር።

ረቂቁ ሳይታተም ቀርቷል፤ እግዜር ይመስገን። ዘንድሮ ከመሳቢያ አወጣሁት። ወጥ ቤቷ አሁን የምትናገረው ፒያሳ ያደጉ አክስቶቼ ሰው ሲያናድዳቸው የሚናገሩትን አማርኛ ነው፤ አጭር፣ ጥርት ያለ፣ መርፌ ያለው። ምዕራፍ ስድስት ላይ እመቤቲቱን አንድ ነገር ትላታለች። ያንን ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ገና አልመጣልኝም።